መልህቅና ፍላሽ

ፖርት ሱዳን፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1982

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለሐዳብ በክሪ፣ ጄኖቫ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። አላህ ጤናህን ይጠብቅልህ፣ በባዕድ አገር ሶላትህን ያስታውስህ፣ የቀረችህን ጥቂት ፀጉር አይንሳህ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ፍየሎቹም ደህና ናቸው። ሰላምታው የረዘመው እኔ ወድጄ አይደለም። ሼክ አደሮብ ትራሳቸውን ተደግፈው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ «ለዘመድ እንደ ቴሌግራም አይጻፍም» ብለውኛል።

ደግሞም «ነገሩን ከሥሩ ጻፈው፤ ኋላ ይህን አላልንም እንዳትባባሉ» ስላሉኝ የምታውቀውን እነግርሃለሁ። የሼክ አደሮብ ሳምቡክ፣ ያቺ ባለ ሸራ ጀልባ፣ ሸዕብ ሀምራ በሚባለው የኮራል ቋጥኝ ላይ ከሰመጠች ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ናኹዳዋ፣ ማለት አዛዧ፣ የኔ አባት ኢሳ ነበር። መልህቅ ጣይዋ የአንተ አባት በክሪ ነበር። ሌሊቱን ከኮራሉ ጥግ ሊያድሩ ቆመው ነፋስ ዞረባቸው፣ ሳምቡኳ ተንሳፍፋ ከቋጥኙ ጋር ተላተመች፣ ሁለቱም እዚያው ቀሩ። በሕይወት የወጣው ወጥ ሠሪው ብቻ ነው፤ እርሱም ከእንቅልፉ የነቃው ውሃ ውስጥ ነው። በእናንተ ቤት «ኢሳ ተኝቶ መልህቅ ጣል ሳይል ቀረ» ይባላል። በእኛ ቤት «ኢሳ አዘዘ፣ በክሪ አልጣለም» ይባላል። ከሁለቱ የእናንተ ወሬ በደንብ ተሰራጨ። እናቴ እስከ ዛሬ ሰርግ ቤት ድስት ልታማስል ስትነሳ አንዷ ፈጥና ማማሰያውን ትወስድባታለች። የእንቅልፋም ሚስት ነቻ።

አሁን የሳምቡኳን ብረት አገኘሁት። ዐሥራ ስምንት ሜትር ላይ ነው። እንጨቱን ትል ጨርሶታል፤ ለክብደት ሆዷ ውስጥ የጫኗቸው ድንጋዮች ግን እንደተከመሩ አሉ፤ ከክምሩም ሥር ሰንሰለት ወጥቶ ወደ ጨለማው ይሄዳል። መልህቁ ተጥሎ ከሆነ ሰንሰለቱ ጫፍ ላይ ይገኛል። እኔ ወርጄ አየሁ ብል ግን ማን ያምነኛል? ልጅ ለአባቱ አይመሰክርም። ስለዚህ ሼኩ ፈርደዋል፦ «አንዱ ያንሳ፣ ሌላው ያጥብ።» ያነሳሁት ፊልም ሳይታጠብ ወደ አንተ ይመጣል፤ አንተ አሳጥበህ ትልካለህ፤ በከርሞ መውሊድ ሽማግሌዎቹ ፊት ይዘረጋል።

እስከዚያ በመካከላችን ገለድ ጥለዋል። አባቶቻችን ጠብ ሲከርር የሚያደርጉትን ታውቃለህ፤ ነገሩ እስኪታይ ድረስ አንዱ ለሌላው ክፉ ቃል አይናገርም። የሁለታችንም ደብዳቤ ሼኩና ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ምንጣፍ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል። አንባቢው እኔ ነኝ።

የምፈልገው አንድ ነገር ነው። ካሜራው በምሠራበት ጀልባ ለመጥለቅ ከሚመጡት ጣሊያኖች አንዱ ጥሎልኝ የሄደው ነው። ፍላሹ አንተ ከምትሠራበት የካሜራ ሱቅ የተገዛ ነው። አውቶማቲክ የሚባል ነገር የለውም፤ ያለውን ሁሉ አንዴ ተፍቶ ዝም ይላል፣ እንደ አንዳንድ ዘመድ። በምን ርቀት የሌንሱን ቀዳዳ ስንት ላይ እንደማደርግ የሚናገር ካርድ ላክልኝ።

ወንድምህ ኦኑር ኢሳ


ጄኖቫ፣ ዲሴምበር 28 ቀን 1982

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለኦኑር ኢሳ፤ አንባቢው ራሱ ስለሆነ ጉሮሮውን ጠርጎ እንዲያነብ።

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላህ። የሼክ አደሮብን ጉልበት ስሜያለሁ በልልኝ። ለእናትህ ሰላም በል። ለአንተም አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ ፎቶ ማንሳት ለመማር የሚበቃህን ያህል።

ካርዱ እዚህ ውስጥ አለ። አሠራሩ ይህ ነው። ፍላሹ የራሱ መለኪያ ቁጥር አለው። ያንን ቁጥር በርቀቱ ታካፍላለህ፤ የሚወጣልህ የቀዳዳው ቁጥር ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ቀዳዳው ይጠባል፣ ብርሃኑ ያንሳል። በፍላሹ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር ለአየር ስለሆነ እርሳው፤ ውሃ ብርሃን ይበላል። እኔ ራሴ ገንዳ ውስጥ ወርጄ ፈትኜዋለሁ። ለአንድ ሜትር ዐሥራ አንድ። ለሜትር ተኩል ስምንት። ለሁለት ሜትር አምስት ነጥብ ስድስት። የመዝጊያውን ፍጥነት ስድሳኛ ላይ አድርገህ እጅህን አንሳ። ፍላሹን ክንድህን ዘርግተህ ከጎን ያዘው። ከሌንሱ ጋር ካጣበቅከው ውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈው ብናኝ ሁሉ እንደ ሰርግ ሩዝ እየበራ ይወጣልሃል።

ከሁለት ሜትር በላይ አትሞክር። ፍላሽ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ሰንሰለቱን ክንድ በክንድ፣ ፍሬም በፍሬም ታነሳዋለህ። ሠላሳ ስድስት ፍሬም አለህ። አንዷንም በራስህ መልክ ላይ አታባክን።

እውነት ሲጨልም ደስ የሚለው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። ስም አልጠራሁም። ይህ ምክር ነው፤ ገለድ ምክር አይከለክልም።

ሐዳብ በክሪ


ፖርት ሱዳን፣ ፌብሩወሪ 3 ቀን 1983

ይድረስ ለሐዳብ በክሪ።

ሰላምታውን ሼክ አደሮብ በራሳቸው አፍ ብለውልሃል፤ ከኔ አፍ የወጣ ያህል ቁጠረው። አላህ እጅህን ይባርክ፤ ፊልሙን እስክታሳጥብ ድረስ በተለይ።

ደብዳቤህ ተነበበች። «ቁጥሩ ሲያድግ ብርሃኑ ያንሳል» የሚለው ላይ ስደርስ ሼኩ እጃቸውን አነሱ።

«ቆይ ቆይ። ቁጥሩ ከፍ ሲል ብርሃኑ ዝቅ?»

«አዎ፣ አባቴ።»

«እንደ ሹመት ነዋ!» አሉና ምንጣፉ ሁሉ ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። ዐሥራ አንድ፣ ስምንት፣ አምስት ነጥብ ስድስት። «ነጥብ ስድስቷ ለምን አስፈለገች?» አሉ። የጣሊያኖች ሥራ እንደሆነች ነገርኳቸው፤ ተቀበሉኝ።

ሁለት ቀን ወረድኩ። ከድንጋዩ ክምር ጀምሬ ሰንሰለቱን ተከትዬ አነሳሁት። አንድ ሜትር ርቄ ቆሜ፣ እንዳልከው ዐሥራ አንድ ላይ። መልህቁ ጋ ሳልደርስ ፊልሙ አለቀ። ወደፊት የሚሄድ ሰንሰለት ግን አይተሃል ማለት ነው፤ ካየህ።

ፊልሙን አንድ የሚላኖ ሐኪም በሻንጣው ይዞት ይመጣል። ጨዋ ሰው ነው። እንዳታሳፍረኝ።

ኦኑር


ጄኖቫ፣ ማርች 19 ቀን 1983

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለኦኑር።

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ዓይንህን ይፈውስልህ።

ሠላሳ ስድስቱን ፍሬም በመብራት ጠረጴዛ ላይ ዘረጋኋቸው። በሕይወቴ ይህን ያህል ሌሊት በአንድ ቀን አይቼ አላውቅም። ሰንሰለት የለም፣ ድንጋይ የለም፣ ኮራል የለም። በአንዷ ላይ የአውራ ጣትህ ጫፍ ወጥታለች፤ እሷ ቅርብ ስለሆነች ደህና በርታለች። ለሽማግሌዎቹ አውራ ጣትህን እንላክላቸው?

ስህተቱን እነግርሃለሁ፤ እናንተ ቤት ስህተት ራሱ እግር አውጥቶ ስለማይመጣ። ርቀቱን በዓይንህ ለክተሃል። ውሃ ውስጥ ነገር ሁሉ ቀርቦ ይታያል፤ አራት ክንድ የራቀህ ሦስት ክንድ ይመስልሃል። ሌንሱም እንደ ዓይንህ ይታለላል፤ ስለዚህ የሌንሱን ትኩረት በመሰለህ ርቀት ላይ አድርግ። ብርሃን ግን አይታለልም። እውነተኛውን መንገድ ሄዶ ነው የሚደርሰው። ለቀዳዳው በዱላ ለካ። ሜትር የሞላች ቀጥ ያለች ዱላ ቁረጥ። በአገራችን ዱላ እንዳልጠፋ ተስፋ አለኝ፤ ለሌላ ነገር ስትሆን አልጠፋችም።

ቁጥሩን በጥሩ ወረቀት ላይ እንደገና የጻፍኩበት ካርድ ልኬልሃለሁ። የፊተኛውን ጣለው።

ሰንሰለት ወደፊት ሄደ ያልከውን፣ ሳየው አምናለሁ።

ሐዳብ


ፖርት ሱዳን፣ ኤፕሪል 27 ቀን 1983

ይድረስ ለሐዳብ በክሪ፣ የገንዳው ጌታ።

ወአለይኩሙ ሰላም። አላህ ከነዘመዶችህ ይጠብቅህ፤ ዘመዶችህን ደግሞ ከካርድህ።

ስለ ዱላው አመሰግናለሁ። ትክክል ነህ፤ ይህን ጮክ ብዬ አንብቤዋለሁ፣ ምስክር አለኝ። አንድ ነገር ብቻ ጠይቄ ነበር። ጀልባችን ላይ ፋብሪዚዮ የሚባል ሰው መጥቶ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ዓሣ ሲያነሳ የኖረ፣ ከሰው ጋር ማውራት የረሳ። ካርድህን አየና «የት ነው የተፈተነው?» አለኝ። ገንዳ ውስጥ ስለው ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው አሉ ጓደኞቹ። ገንዳው ነጭ ሸክላ የለበሰ መሆኑን ለምን አልነገርከንም? ግድግዳው ብርሃኑን መልሶ ይወረውራል። በእኛ ባሕር ውስጥ ግድግዳ የለም፣ ሐዳብ። ፍላሽህ ይሄዳል፣ አይመለስም።

ይህን ለምንጣፉ ሳስረዳ ሼክ አደሮብ «የበክሪ ልጅ ባሕራችንን መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው የለካልን?» አሉ። ይህን የጻፍኩት ታሪክ ስለሆነ ነው፤ ስድብ አይደለም።

በዚያው ቀን ስለ ሳምቡኳ ብዙ አወሩ። ውሃ ላይ ያወረዷትን ቀን፣ የታረደውን በግ፣ የመጣውን ሰው። እንደ ልማዱ የሰንሰለቱን የጀልባ ጫፍ ከሳምቡኳ አፍንጫ ብረት ጋር በካስማ ያያያዙት ባለቤቷ እርሳቸው ራሳቸው ናቸው። «ቢስሚላህ ብዬ በዚች እጄ» እያሉ እጃቸውን እያገላበጡ አሳዩን። ሁላችንም አየናት። የሽማግሌ እጅ ናት።

ሁለተኛው ፊልም ከዚህ ጋር ነው። በዱላ ለክቻለሁ። በካርድህ ላይ ግን ስለ ገንዳህ ቀዳዳውን አንድ ደረጃ ከፍቻለሁ፤ ስለ ዓይኔ ደግሞ፣ ዱላዋ ብትኖርም ለጥንቃቄ፣ ሌላ አንድ ደረጃ። ከእንግዲህ የሚጨልም ነገር የለም።

ኦኑር


ጄኖቫ፣ ጁን 6 ቀን 1983

ይድረስ ለኦኑር።

አሰላሙ አለይኩም። ሰላምታውን ሼኩ ይሙሉበት፤ እኔ ዛሬ አልቻልኩም።

ነጭ። ሠላሳ ስድስት ነጭ። የመጀመሪያው ሌሊት ነበር፣ ይህኛው የታጠበ ነጠላ ነው። ኮራሉ ተቃጥሏል፣ ሰንሰለቱ በነጩ መሃል ጥላ ሆኖ ሄዷል፤ ገመድ ይሁን እባብ ማንም አይለየውም።

ሁለተኛውን ካርድ ከመጀመሪያው ጋር አስተያይተኸው ነበር? ለአንድ ሜትር ስምንት ነበር የሚለው፤ ዐሥራ አንድ አይደለም። የገንዳውን ነገር አንተ ሳትነግረኝ፣ ፋብሪዚዮህም ሳይስቅ፣ እኔ ራሴ ደርሼበት አርሜው ነበር። አልነገርኩህም፤ ምንጣፍ ላይ እንድትዘፍንበት ስላልፈለግኩ። አንተ ግን የታረመውን እንደገና አረምከው፣ ከዚያም ለጥንቃቄ ሦስተኛ ጊዜ። ስምንት የነበረውን አራት አደረግከው! እኔን ለማመን የማትፈልገውን ያህል ፊልሙ ተቃጠለ።

ወይስ ሆነ ብለህ ነው? አንተ ሰንሰለቱን ዳስሰኸዋል። እኔ ደግሞ የማየው አንተ ያሳየኸኝን ብቻ ነው። መልህቁ እዚያ ጫፍ ላይ ባይኖር፣ ጨለማውም ነጩም ለማን ይጠቅማል? መውሊድ ይደርሳል፣ ፎቶ የለም፣ ወሬው እንዳለ ይቀጥላል። ወሬው ደግሞ ለአባትህ አልጠቀመም ትላለህ። ለአባቴም አልጠቀመም፣ ኦኑር። እዚህ ወደብ ላይ የሚሠሩ የአገራችን ልጆች ከጀርባዬ «የማይጥለው» ይሉኛል። ለምን ጸጉሬ እንደሳሳ ገባህ?

ገለዱን አፍርሼ ከሆነ ሼኩ ይፍረዱብኝ።

ሐዳብ


ፖርት ሱዳን፣ ጁላይ 2 ቀን 1983

ይድረስ ለሐዳብ በክሪ።

ወአለይኩሙ ሰላም፣ ረመዳን ከሪም። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ ውሎ በውሃ ጥም መሞት ምን እንደሆነ እያየሁት ነው።

ደብዳቤህን አነበብኩ። «ሆነ ብለህ ነው?» የምትለው ላይ ልዝለላት አስቤ ነበር፤ ሼኩ ግን የሰው ዓይን ሲዘል ያውቃሉ። አነበብኳት። ወጣቶቹ ተነሱ፤ ከአንዱ ወገብ ጎራዴ ወጣች፣ ለማሳየት ያህል። ሼኩ «ቁጭ በሉ» አሉ። ቁጭ አሉ።

ከዚያ እንዲህ ተባባልን።

«አንተ ልጅ፣ ለአንድ ሜትር ስንት ነው አለ?»

«ስምንት፣ አባቴ።»

«አንተስ?»

«አራት አድርጌው ነበር።»

«ስለዚህ እርሱም አረመ፣ አንተም አረምክ።»

«አዎ።»

«ሁለት ሰው አንድ ግመል ሲጭን አንዱ ይጭናል፣ አንዱ ግመሉን ይይዛል። ሁለቱም ከጫኑ ግመሉ ይወድቃል፤ ሁለቱም ከያዙ ጭነቱ መሬት ላይ ይቀራል። ቁጥሩ ከአንድ ሰው ይምጣ። ከበክሪ ልጅ ይምጣ።»

«ለምን ከእርሱ?»

«አንተ ስለማትወደው።»

እንዲህ ዓይነት ፍርድ ነው ያለን። ታዘዝኩ። አጭር ፊልም ልኬልሃለሁ። አንዲት ድንጋይ ናት፤ አጠገቧ ዱላዋ ተጋድማ ትታያለች፣ ርቀቱ በእውነተኛው አንድ ሜትር ነው። በዐሥራ አንድ፣ በስምንት፣ በአምስት ነጥብ ስድስት፣ በአራት አንስቻታለሁ፤ ቁጥሩን በሰሌዳ ጽፌ ከጎኗ አቁሜያለሁ። ከአራቱ አንዷን ምረጥ። የመረጥከውን ቃል ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርጋለሁ። አራቱም ከጨለሙ ችግሩ በድንጋዩ ነው።

ስለ ቅጽል ስምህ አላወቅኩም ነበር። ይህን ለማጽናናት አልጻፍኩትም።

ኦኑር


ቴሌግራም፣ ከጄኖቫ፣ ጁላይ 30 ቀን 1983

ስምንት። በዱላ። አትነካካው። ሐዳብ።


ፖርት ሱዳን፣ ኦገስት 21 ቀን 1983

ይድረስ ለሐዳብ።

ሼክ አደሮብ ቴሌግራሙን ሰምተው «ይህ ልጅ መቼ ነው እንዲህ አጭር መናገር የተማረው?» አሉ፤ ሰላምታ የለውም ብለውም አዘኑ። ስለዚህ እኔ ስለሁለታችንም ሰላም ብያለሁ።

አሸዋ የሚነፍስበት ወር ስለሆነ ከቋጥኙ ደጅ አራት ጊዜ ተመልሰናል። በአምስተኛው ባሕሩ ለቀቀን። ከመልህቁ ወገን ጀምሬ ወደ ድንጋዩ ክምር መጣሁ፤ የመጨረሻዋ፣ ሠላሳ ስድስተኛዋ ፍሬም የሰንሰለቱ የጀልባ ጫፍ ናት። ለእያንዳንዷ በዱላ ለክቻለሁ። ለእያንዳንዷ ስምንት።

ከመልህቁ ወገን እንዳልኩ አስተውለሃል። የቀረውን ፊልሙ ይንገርህ፤ የኔ ቃል ምስክር አይሆንም ተብሏል።

ኦኑር ኢሳ


ጄኖቫ፣ ሴፕቴምበር 25 ቀን 1983

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለኦኑር ኢሳ፣ ይድረስ ለአባታችን ለሼክ አደሮብ፣ ይድረስ በምንጣፉ ላይ ለተቀመጣችሁ ሁሉ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ሼክ አደሮብ ሆይ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጥላዎን ከላያችን አያንሳው። አባቶቻችን ሲሞቱብን ሁለታችንንም በአንድ ገበታ ያበሉን እርስዎ ነዎት። በአንድ በሬ ቆዳ ላይ ያስተኙን እርስዎ ነዎት። ኦኑር በእግሩ ሲረግጠኝ የለዩን እርስዎ ነዎት። ይህን ሁሉ አልረሳሁም።

ፊልሙ ወጣ። የምጽፈውን በአላህ ስም እጽፋለሁ፦ ብርሃኑ ልክ ነው። መልህቁ ተጥሏል። አራት ክንፉ ኮራል ውስጥ ተሰክቶ ይታያል፣ ኮራሉም አቅፎት አድጓል። ሰንሰለቱ ከመልህቁ ተነስቶ ተዘርግቶ ይመጣል፤ ፍሬሞቹን ስገጣጥማቸው ቀለበት ከቀለበት ይያያዛል። የሚያዝዝ ሰው ተኝቶ ቢሆን መልህቅ አይጣልም። የሚጥል ሰው አልታዘዝም ቢል መልህቅ አይጣልም። ኢሳ አዟል። በክሪ ጥሏል። ይህን በመውሊድ እኔ ሳልኖር ጮክ ብለህ አንብበው፣ ኦኑር፤ ድምፅህ ለአንድ ቀን እንኳ ለመልካም ነገር ይዋል። ሠላሳ አምስቱን ፎቶዎች በመርከብ ለሚመጣው ለሙሳ ሰጥቻለሁ።

የመጨረሻዋ፣ ሠላሳ ስድስተኛዋ፣ ሲታጠብ ተበላሽታለች። ላብራቶሪው ይቅርታ ጠይቋል። ሰንሰለቱ ሳይጎድል እንዲታይ እሷን ብቻ እንደገና አንሳት። እዚያ ያለው ድንጋይ ነጭ ስለሆነ ብርሃን ይበዛበታል። ለእሷ ቀዳዳውን በሃያ ሁለት ዝጋው። በደንብ ሰምተኸኛል፤ ሃያ ሁለት።

እኔና አንተ እንደነበርን ነን። ይህ ለአንተ ብዬ አይደለም።

ሐዳብ በክሪ


ፖርት ሱዳን፣ ኦክቶበር 20 ቀን 1983

ይድረስ ለአጎቴ ልጅ ለሐዳብ በክሪ።

ወአለይኩሙ ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱሁ። ሼክ አደሮብ ደህና ናቸው። እናቴ ደህና ናት። ፍየሎቹን አልጠየቅኳቸውም።

ደብዳቤህን ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው አነበብኩ። «ኢሳ አዟል፣ በክሪ ጥሏል» የሚለው ላይ ስደርስ የእናትህ ወንድም ልጅ ከሪም፣ ዓመት ሙሉ ፊቱን ያዞረብኝ፣ የሻይ ብርጭቆውን ወደ እኔ ገፋው። ጠጣሁት። ስኳር አልነበረውም፤ ቢሆንም ጠጣሁት።

ከዚያ ስለ መጨረሻዋ ፍሬም የጻፍከውን አነበብኩ። ስጀምር ገባኝ። እኔ ያንን ጫፍ በእጄ ዳስሼዋለሁ፣ ሐዳብ። የመጨረሻው ቀለበት አልተሰበረም። ክብ ነው፣ ሙሉ ነው፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከጀልባዋ ብረት ጋር የሚያያይዘው ካስማ የለበትም፤ ብረቱም ብቻውን ከድንጋዩ መሃል ተቀምጧል። ዳስሼው ወደ ላይ ስወጣ የማንን እጅ እንዳስታወስኩ አንተም ታውቃለህ። መልህቁ ያዘ፣ ሰንሰለቱ ጠነከረ፣ ሳምቡኳ ግን ከሰንሰለቱ ጋር አልነበረችም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ለአንተ ልኬልህ ዝም አልኩ፤ የምታደርገውን ልይ ብዬ። «ሲታጠብ ተበላሸች» ብለህ ስትጽፍ አየሁህ። በሕይወቴ የሰማሁት በጣም መጥፎ ውሸት ነው። አመሰገንኩህም፣ ጠላሁህም።

ስለዚህ «ሃያ ሁለት» ብዬ በፍጥነት አንብቤ ወደ ስምህ ዘለልኩ።

«ቆይ» አሉ ሼኩ።

ቆየሁ።

«ለአንድ ሜትር ስምንት አይደለም እንዴ?»

«ድንጋዩ ነጭ ነው ይላል፣ አባቴ።»

«ሰላሳ አምስት ጊዜ ስምንት። ለአንዷ ሃያ ሁለት።»

«አዎ።»

«ልኩ ስምንት ሆኖ ሳለ ዐሥራ አንድ ጨለመ። ዐሥራ አንድ ላይ ሌሊት ነው ብሎ ጻፈልን። ሃያ ሁለት ላይ ምን ይታያል?»

ደብዳቤውን አጠፍኩት። ምንጣፉ ላይ የነበሩት ምን እንደተባለ አልገባቸውም፤ ቁጥር ነው ብለው ትንባሆ ይቆርጡ ነበር። ሼክ አደሮብ እጃቸውን አየት አድርገው ከኩታቸው ሥር ሸሸጓት። በኋላ «ነገ እኔም እመጣለሁ» አሉ።

«ባሕሩ ሻካራ ነው፣ አባቴ፤ እርስዎ...»

«ሻካራ ባሕር ልታስተምረኝ ነው?»

ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሁለት ሰው ደግፎ ጀልባ ላይ አወጣቸው። ሸዕብ ሀምራ ስንደርስ የመጥለቂያ ልብሴን ለብሼ ልወርድ ስል «አሁን ስንት ታደርጋለህ?» አሉኝ።

«እርስዎ ስንት ይላሉ?»

«ስምንት።»

«ሐዳብ ደግሞ...»

«ቁጥሩ ከሐዳብ ይምጣ ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ ከእኔ ይምጣ። ገለዱን የጣልኩት እኔ አይደለሁም? በዱላ ለክተህ ስምንት አድርግ።»

ወረድኩ። ዱላዋን አስቀመጥኩ። ፍላሹን ከጎን ያዝኩ። ቀለበቱ ከነባዶው ሌንሱ መሃል ገባ። እውነቱን ልንገርህ፤ ጣቴ ሃያ ሁለት ላይ ሄዳ ቆማ ነበር። እናቴን አሰብኩ፣ እርሷ እንደሆነች ነጽታለች፤ ከዚህች ፍሬም ምንም አያስፈልጋትም። አንተንም አሰብኩህ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳልቆጣ። ከዚያ ጀልባዋ ላይ ተቀምጦ የሚጠብቀውን ሰው አሰብኩና ጣቴን ወደ ስምንት መለስኳት። አንድ ብቻ አይደለም፤ ሦስት ጊዜ አነሳሁት፣ ሦስቱም ስምንት።

ስወጣ የጀልባዋን ጠርዝ ይዘው ወደ ታች ያዩ ነበር።

«ሲበራ አየሁት» አሉ። «ሦስት ጊዜ።»

«አዎ፣ አባቴ።»

«ወላሂ ስምንት?»

«ወላሂ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን አልጽፍልህም፤ «ሳትደብቅ ጻፈው፣ ሁሉም ይስማ» ያሉኝን ይህን ደብዳቤ ነገ በምንጣፉ ላይ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። ያን ቀን ከሰዓት ቤታችን ድረስ መጥተው በር ላይ ቆመው እናቴን አስጠሩ። ምን እንዳሏት አልሰማሁም። እናቴ ሦስት ጊዜ «እንዲህ አይበሉ፣ አባቴ» ስትል ብቻ ሰማሁ።

ፊልሙ ከዚህ ጋር ነው። አሁን በአንተ እጅ ነው፤ ከእኔ ወጥቷል። ሼኩ የመጨረሻውን ቃል ራሳቸው ተናግረው አስጽፈውኛል፣ እንዳሉት ነው፦

«ሐዳብ ልጄ፣ ይቺኛዋ ላብራቶሪ ውስጥ አትበላሽ። ብትበላሽ እንደገና እንወርዳለን፤ እኔም እስክትደርስ ድረስ አልሞትም።»

ኦኑር ኢሳ